አባቴ የበላበት አሳ ቤት የት ገባ?

ሆዴ እርር ብሏል፤ ዛሬ ታገሱኝ።

አባቴ ባሕር ዳር–ጎንደር መስመር ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አሁን ቤት ውሏል። ከዚያ ዘመን ከአፉ የማይጠፋ አንድ አሳ ቤት አለ። አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጋር ሦስት ቦታ ከፍተው ነበር፤ ዓባይ ማዶ፣ ሐሙሲት፣ ወረታ። ሦስቱም ጋ ያው ዳጣ፣ ያው ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ። ሾፌር ጠዋት ዓባይ ማዶ በዱቤ በልቶ ማታ ወረታ ላይ ይከፍላል። ታፔላ የላቸውም። ሰው ሁሉ «አሳ ቤቱ» ይላል፣ በቃ።

«ልጄ፣ ቦታውን እንኳ ልየው» አለኝ። ቅዳሜ ይዤው ወጣሁ።

አባቴ አድራሻውን የሚያውቀው እንደ ሁላችንም ነው። ከዋርካው ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። ዋርካው ተቆርጧል። ወፍጮ ቤቱም የለም። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ያምራል፤ ግንቦት 2016 ሲመረቅ እኔም ደስ ብሎኝ ተሻግሬዋለሁ። ግን መንገዱ ሲቀየር አባቴ የሚያውቀው ዓባይ ማዶ አብሮ ተቀየረ። የባጃጅ ልጆች ጠየቅን፤ አንዳቸውም አልሰሙም። ከየት ይስሙ?

ሐሙሲት ላይ ጎሚስታው አለ! አባቴ ፊቱ በራ። ከጎሚስታው ጀምሮ እርምጃ ቆጠረ። ቆጥሮ ሲጨርስ መስታወት የለበሰ ፎቅ ሥር ቆመ። «እዚህ ነበር ምድጃው» አለ፣ በእጁ እያሳየ።

ያንገበገበኝ ግን ወረታ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መገንጠያ አጠገብ አንድ ባለሱቅ «እዚህ አሳ ቤት ኖሮ አያውቅም» አለን። ኖሮ አያውቅም! አባቴ መልስ አልሰጠም። በጾም ወራት ወንበር አጥቶ ቆሞ የበላበትን ቤት «አልነበረም» ሲሉት ምን ይበል? እስከ ባሕር ዳር ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሰኞ አንድ ቢሮ ሄድኩ፤ የድሮ የንግድ ፈቃድ መዝገብ ካለ ብዬ። «ባለ ፈቃዷን ይዘህ ና» ተባልኩ። የምፈልገው እሳቸውን መሆኑን አስረዳሁ። ያንኑ ደገሙልኝ።

ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታቱ አፅም ተጠብቆ ኖሯል። ይገባቸዋል። ጎህ ሳይቀድ ከታንኳ አሳ ተቀብለው፣ ቅርፊቱን ፍቀው፣ መንገደኛ ሁሉ ሲያበሉ የኖሩ እናትስ? ቤታቸው የቆመበት ቦታ እንኳ አንድ መስመር ተጽፎ አይገኝም?

ስለዚህ እናንተን ልለምን። በዚያ መስመር የሠራ አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ የድሮ ፎቶ አገላብጡልኝ። መኪናው ሳይሆን ከጀርባው ያለውን እዩ። ሰማያዊ በር፣ ቆርቆሮ አጥር፣ በሩ ላይ ትልቅ ብረት ምጣድ። ካገኛችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አባቴ ማታ ማታ «መጣ ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል።