ለፍራሽ ላይ ቀያሾቻችን የቀረበ ውዳሴ

ድሬዳዋ ባለሙያዎቿን አብዝታ በማክበር የምትታማ ከተማ አይደለችም። ስለዚህ ከቀትር በኋላ በየፍራሹና በየመከዳው ላይ ጫት እየተቃመ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ግብር የሚከናወነው አገር የመሸንሸን ሙያ እስከ ዛሬ አመስጋኝ ሳያገኝ መቆየቱ ብዙም አያስገርምም። እኔ ግን የሙያው የዘወትር ተመልካች፣ አንዳንዴም የቀንበጡ ተቋዳሽ እንደ መሆኔ ውለታ አለብኝና ዛሬ እከፍላለሁ።

የቀያሾቻችን ቀዳሚ ብቃት ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድንና ፓኪስታንን የሚለየውን መስመር እንዲያሰምር የተላከው እንግሊዛዊው የሕግ ሰው ሲሪል ራድክሊፍ፣ ከዚያ በፊት አገሩን ረግጦ እንኳ የማያውቅ ሆኖ ሳለ፣ ሥራውን ለመጨረስ አምስት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል። መስመሩ ይፋ የተደረገውም ከነጻነቱ በዓል በኋላ ስለ ነበር፣ በድንበሩ አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ ባንዲራ ከሰቀለ በኋላ የየትኛው አገር ዜጋ እንደ ሆነ ቆይቶ ነው የሰማው፤ ከዚያም ሚሊዮኖች ጓዛቸውን ተሸክመው ወዲህና ወዲያ ተሻገሩ። የእኛ ሰው ግን ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ዘጠኝ አገር አዋልዶ፣ ባንዲራቸውን መርጦ፣ ለሦስቱ ፕሬዚዳንት ሾሞ ይነሣል። ምስኪኑ ራድክሊፍ የጎደለው ምርቃና ነው።

የገዛ ሕጋችንም ቢሆን ለእነዚህ ሰዎች የሚመጥን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 መገንጠልን ቢፈቅድም፣ ጥያቄው በሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲደገፍ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ፣ ከዚያም አብላጫ ድምፅ እንዲገኝና ንብረት በሕግ እንዲከፋፈል ያዛል። ሦስት ዓመት! በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ዙርባ ጫት እንደሚጠወልግ አርቃቂዎቹ ያሰቡበት አይመስልም።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚራ ሠፈር በአንድ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ልናገር። ሁላችንም ኢንጂነር የምንለው ሰው (የምን ኢንጂነር እንደ ሆነ ማንም ጠይቆት አያውቅም) ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ምንጣፉ መሐል ተጠጋና ቅጠላቸው የተቀነጠሰ የጫት እንጨቶችን ጫፍ ለጫፍ እየገጠመ ድንበር መዘርጋት ጀመረ። የሻይ ፔርሙዙን አዲስ አበባ፣ የሲጋራ መተርኮሻውን ጂቡቲ፣ የስኳር ዕቃውን ጣና አደረገ። ሥራው በጥሞና እየተካሄደ ሳለ ከጥግ የተቀመጠው ጓደኛችን ስኒውን ዘርግቶ፣ «አቦ፣ ዋና ከተማዋን ወዲህ በላት፤ ጉሮሮዬ ደረቀ» አለ። አዲስ አበባ ተነሥታ፣ ተዘንብላ፣ ቀድታ፣ ስትመለስ ከቦታዋ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ምሥራቅ ተቀምጣለች። ማንም አላስተዋለም፤ እኔም ደም እንዳይፈስ ብዬ ዝም አልኩ።

የድንበሩ ነገር ከተበጀ በኋላ ወደ ንብረት ክፍፍል ገባን። ቼኮዝሎቫኪያ እ.ኤ.አ. በ1993 መባቻ ለሁለት ስትለያይ ተንቀሳቃሹን ንብረት በሕዝብ ብዛት፣ ማለትም ለቼክ ሁለት ለስሎቫክ አንድ እያለች በሰላም ተካፍላ ነበር፤ ባንዲራውን ግን ማንም እንዳይወስደው ተስማምተው ሲያበቁ ቼኮቹ ይዘውት ቀሩ። ይህን ጠቅሼ ስለ ባቡራችን ጠየቅሁ። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውና በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በአዲሱ ካርታ ላይ ምን ይሆናል?

«ባቡሩ ይሄዳል» አለኝ ኢንጂነሩ።

«ወዴት?»

«ወደ ፊት።»

እንዲህ ያለ እርግጠኝነት በባቡር መሥሪያ ቤት ዘመናቸውን ከፈጁት ሰዎች እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ሱዳንንም አነሣሁበት። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ አብዛኛው ነዳጅ ደቡብ፣ ነዳጁን ወደ ፖርት ሱዳን የሚያደርሰው ቧንቧ ደግሞ ሰሜን ቀረ። በቧንቧው ኪራይ ሲጣሉ ደቡብ ሱዳን በ2004 ዓ.ም. ምርቷን አቁማ፣ ዋነኛ ገቢዋን በገዛ እጇ ዘግታ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠች። ኢንጂነሩ ራሱን ነቅንቆ፣ «የኛ ይለያል» አለ። ይህች ሁለት ቃል የሙያው ሁሉ ምሰሶ ናት።

ስለ ባድመ ማንሣት አልነበረብኝም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ስትለይ ጥይት ሳይተኮስ፣ ተጨባብጠን ነበር የተለያየነው፤ በ1990 ዓ.ም. ግን ብዙዎቻችን ስሟን ሰምተን በማናውቃት በአንዲት ከተማ የተጀመረው ጦርነት ሁለት ዓመት ቆይቶ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በላ። ከመካከላችን አንዱ ታላቅ ወንድሙን እዚያው አስቀርቷልና ቤቱ ጸጥ አለ። ኢንጂነሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ለሐዘኑ ክብር ሲል የሚቀጥለውን ድንበር በእንጨት ማስመሩን ትቶ በለውዝ ቅርፊት አሰመረው።

ከዚያ የማይቀረው ደረሰ፦ ድሬን የት እናድርጋት? የምድር ባቡሩ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. ከሥሩ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፣ ሁለት ጎረቤት ክልሎች የእኔ ናት እያሉ ቢከራከሩባት ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ ሆና፣ በ1996 ዓ.ም. ቻርተር ተሰጥቷት፣ ሥልጣኗን ለኦሮሞ አርባ፣ ለሶማሌ አርባ፣ ለሌሎች ሃያ በሚባለው ስሌት እያካፈለች ትኖራለች። በየምንጣፉ ላይ ካርታ የሚበላሸው እርሷ ዘንድ ሲደረስ ነው። ኢንጂነሩ ግን አሰብ አድርጎ፣ «እንደ ሲንጋፖር ነጻ ከተማ ትሆናለች» ሲል ፈረደ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1965 ከማሌዥያ ስትወጣ መሪዋ በቴሌቪዥን ማልቀሱን ብነግረው፣ እኛ አናለቅስም አለኝ። ሲንጋፖር ባሕር እንዳላት ባስታውሰው፣ «ደቻቱ አለን» ብሎ አረፈው።

ደቻቱን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ወደብነቱ ከተወሰነ ወዲያ የመጋላው ልጅ ቀና አለና የወደቡ ገቢ ለየትኛው ዳርቻ እንደሚሆን ጠየቀ፤ ከዚራና መጋላም በቆሙበት ሊለያዩ ሆነ። ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ልገንጠል ብትል የምዕራብ ወገኗ ከእርሷ ተገንጥሎ እ.ኤ.አ. በ1863 ራሱን የቻለ ግዛት እንደ ሆነ ለኢንጂነሩ ስነግረው በጣም ደስ አለው፤ ያንኑ ቀን አሜሪካንም በአራት ከፈላት። እዚያ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1861 ሞክረውት አራት ዓመት የተዋጉበትን ጉዳይ እርሱ ሁለት ቅጠል አኝኮ ሳይውጥ ጨረሰው።

ነገር ግን የሠለጠነ ድርድር ምን እንደሚመስል ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። የመጋላው ልጅ ዐይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ፣ «ቆይ እንጂ፣ አወዳይ በየትኛው አገር ነው የምትቀረው?» አለ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ጫታችን የሚመጣው ከአወዳይ ነው፤ ጫት ደግሞ ጉምሩክ ላይ ካደረ ገለባ ነው። ባድመ ያላስደነገጠው፣ ቧንቧ ያላነቃነቀው ኢንጂነር ከመከዳው ተነሥቶ በጉልበቱ ቆመ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ አንድም ድምፀ ተዐቅቦ ሳይኖር፣ ከአወዳይ እስከ ከዚራ ያለው መንገድ ኬላ የማይተከልበት፣ ቪዛ የማይጠየቅበት፣ ቀረጥ የማይከፈልበት፣ ማንም መንግሥት የማይዘጋው የጋራ ምድር እንዲሆን ተወሰነ። ስኳሩ ከወንጂ፣ ለውዙ ከባቢሌ እንደሚመጣ ሲታሰብ ለእነርሱም ተመሳሳይ መንገድ ተከፈተ። የአዲስ አበባው መንገድ የአንዱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለሚያደርስ፣ የጅግጅጋው የኢንጂነሩ ባለቤት ዘመዶች ያሉበት ስለ ሆነ፣ የሐረሩ ደግሞ ማንም ምክንያት ሳይሰጥበት፣ አንድ በአንድ ነጻ ወጡ። በመጨረሻ እንጨቶቹ ሁሉ ወደ ጎን ተገፍተው ምንጣፉ ላይ መንገድ ብቻ ቀረ።

ኢንጂነሩ ይህንን ሽንፈት ነው ብሎ አልተቀበለም፤ ካርታው ለማክሰኞ በይደር እንዲቆይ አዞ ምርቃናውን ሊሰብር ለጨብሲ ወጣ። መግሪብ ሲባል የቤቱ እመቤት ገብተው ገራባውን ከነድንበሩ ጠርገው በትሪ አወጡት። ደጅ የሚጠብቁት የሠፈሩ ፍየሎች ሦስቱን ሪፐብሊክ ጫማችንን ሳናስር ጨረሱ፤ አንዷ ብቻ ወደቡን አሽትታ ተወችው።