150 ዶላር ከፍዬ «ምስር ብላ» ተባልኩ

ስኳር አለብህ ከተባልኩ አራት ወሬ ነው። ሐኪሙ ክኒን ሰጠኝ፣ «አመጋገብህን አስተካክል» አለኝ፣ በቃ። ምን ልብላ? እሱን አልነገረኝም። እዚህ ሜሪላንድ አብሮኝ የሚሠራ ሕንዳዊ ሲያዝንልኝ ወደ አንዲት የአዩርቬዳ አዋቂ ወሰደኝ። አዩርቬዳ የሕንዶች የጥንት ሕክምና ነው። ስኳርን «ማዱሜሃ» ይሉታል፤ የማር ሽንት እንደማለት።

ሴትዮዋ ምላሴን አየች፣ የእጄን ትርታ ያዘች፣ ስለ እንቅልፌ ጠየቀች። ከዚያ ጻፈችልኝ፦ ማሾ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ገብስ፣ እርድ፣ ማታ ተዘፍዝፎ ያደረ አብሽ። 150 ዶላር! እናቴ ይህንን ሁሉ በነጻ ስታበላኝ፣ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር አኮርፍ የነበርኩ ሰውዬ።

ሐቁን ለመናገር ክኒንህን እንዳታቆም ብላ አስጠንቅቃኛለች። ደግሞ እንዴት እንደምበላ ጠየቀችኝ። ሁለት እንጀራ፣ መሃሉ ላይ ሦስት ማንኪያ ምስር አልኳት። ሳቀች። «ምስሩማ ለእንጀራው ማጥቀሻ ነው!» እሷ ምስሩን በጎድጓዳ ሳህን ሞልታ በማንኪያ ነው የምትበላው፤ ዳር ላይ አንዲት ቀጭን የገብስ ቂጣ። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ 15 ግራም ያህል ደግሞ ፋይበር። ስኳሩ ደም ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲገባ የሚያደርገው ይኸው ፋይበር ነው። በሦስት ማንኪያ ታዲያ ምን ሊደርሰኝ? (ሕንዶቹም ሩዝ ፊት ሲቀርቡ ከእኛ አይሻሉም፤ የጓደኛዬን ሳህን አይቻለሁ።)

አብሹ ግን ጉድ ሠራኝ። ላብ ሆኖ ይወጣል። የሥራ ባልደረባዬ ጠጋ አለና «ፓንኬክ ላይ የሚፈሰው ሽሮፕ ሸተተኝ» አለኝ። የስኳር በሽተኛ ሆኜ ሽሮፕ ሽሮፕ ልሽተት?

ባለፈው አዲስ አበባ ሄጄ አክስቴ ቤት ምሳ ቀረበ። እሷም ስኳር አለባት። «ጥቁር ጤፍ ነው፣ ምንም አያደርግህም» እያለች ሦስተኛውን እንጀራ ዘረጋችው። እኔ ምስሩን በጎድጓዳ ሳህን አድርጊልኝ፣ ማንኪያም ስጪኝ አልኳት። ደነገጠች።

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

«ስኳር ነዋ፣ እትዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እንጀራ ያስጠላህ ምን ሆነህ ነው?»

መልስ ሳላዘጋጅ ጉርሻው አፌ ደረሰ።