በዱባይ ገንዘብ የሚያልቀው በጥቃቅኑ ነው

ስለ ጉዞ ወጪ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ውጭ አገር ስትሄዱ ወጪያችሁን በየማታው መዝግቡ ይላል። ጥሩ ምክር ነው። ዱባይ ለሚሄድ ሰው ግን ዋናው ቁጠባ ያለው ከመዝገቡ በፊት ነው።

ምንዛሪውን እንይ። የዱባዩ ገንዘብ፣ ድርሃም፣ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ ነው፤ ከዓመት ዓመት አይነቃነቅም። መስኮቱ ላይ 3.50 ተጽፎ ካያችሁ በቃ፣ እየተበላችሁ ነው። ኤርፖርት ለትራንስፖርት የምትሆነውን ብቻ ቀይሩ። ቀሪውን ዴይራ (የዱባይ አሮጌው የገበያ ሰፈር) ገብታችሁ ሁለት ሦስት ምንዛሪ ቤት ጠይቁ፤ ኮሚሽኑንም ጭምር። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በድርሃም ወይስ በአገርዎ ገንዘብ?» ካለ ሁልጊዜ ድርሃም በሉ። ሌላኛው ምርጫ የሚያተርፈው ለሚያስከፍሏችሁ ነው።

የኤርፖርት ታክሲ ገና ሳይንቀሳቀስ ቆጣሪው 25 ድርሃም ላይ ነው። ሜትሮው (የከተማው ባቡር) ግን ተርሚናል 1 እና 3 ድረስ ይመጣል፤ ኖል የሚባለውን የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ ገዝቶ መሳፈር ነው። (ውስጡ ማስቲካ እንዳታኝኩ! ቅጣቱ 100 ድርሃም ነው፤ የቆጠባችሁትን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል።)

ሆቴል ደግሞ «ከፍዬ ጨርሻለሁ» ብላችሁ ስትደርሱ «የቱሪዝም ድርሃም» የሚባል የእንግዳ ክፍያ ትጠየቃላችሁ። እንደ ደረጃው ለአንድ ክፍል በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም ነው። ኢንተርኔት ላይ ባያችሁት ዋጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም።

ምግቡ ብዙም አያሳስብም። ዴይራ የኛ ምግብ ቤቶች አሉ፤ አንድ በየዓይነቱ ለሁለት ይበላል። ሞል ውስጥ ቡና መጠጣቱን ግን እኔ አልመክርም።