ለ454 ሞተር 700አር4 ይበቃል?

አንድ የመኪና ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1970 ለተሠራው ሼቭሮሌ ሼቬል መኪና 454 (ኪዩቢክ ኢንች) ሞተር 700አር4 የሚባለው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይበቃል ማለታቸውን አልቀበለውም። ኤልኤስ6 የሚባለው 454 እኮ 500 ፓውንድ-ፉት ቶርክ (የማዞር ጉልበት) አለው! 700አር4 በ1982 ሲወጣ ለእንዲህ ያለ ጉልበት አልታሰበም። ጎበዝ ባለሙያ ካጠናከረው ይችል ይሆናል፤ ግን ከካርቡረተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ኬብል ትንሽ ከተዛባ የዘይቱ ግፊት ይወርድና ፍሪሲዮኖቹ ይቃጠላሉ። እዚህ ቨርጂኒያ አንዱን ራሴ ፈትቼዋለሁ፦ ኬብሉ ላልቷል፣ ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል፣ የ3ኛና 4ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኖች እስከ ብረታቸው ተልጠዋል። የተቃጠለው ዘይት ሽታ ሁለት ቀን ከእጄ አልለቀቀም።

እኔ የምመርጠው 4ኤል80ኢ የሚባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ቱርቦ 400 የሚባለው ጠንካራ የድሮ ካምቢዮ ዘር ነው፤ በ1991 የወጣውም ለከባድ ፒካፖች ነበር። የአራተኛው ማርሽ ጥምርታ 0.75 ስለሆነ (ሞተሩ 0.75 ጊዜ ሲዞር የካምቢዮው መውጫ አንዴ ይዞራል)፣ 4.10 ጥምርታ ባለው ዲፈረንሻል ያለዚህ ማርሽ ሀይዌይ ላይ በደቂቃ 3,200 ዙር ሲጮህ የነበረ ሞተር ወደ 2,400 ይወርዳል። እውነት ነው፣ ይከብዳል፣ የራሱ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ወለሉንም ትንሽ ማስፋት ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡት።

ማንዋል ለምትወዱ ደግሞ ባለ 5 ማርሹ ትሬሜክ ቲኬኤክስ ካምቢዮ እስከ 600 ፓውንድ-ፉት ይችላል። ሰፊና የሚይዝ ጎማ ካሰራችሁ ግን አቅሙ ከሞተራችሁ ቶርክ በደንብ ከፍ ያለውን ካምቢዮ ውሰዱ፤ ጎማው ካልተንሸራተተ ምቱን በሙሉ የሚቀበለው ማርሹ ነው።