ይድረስ ለጎረቤት ፓውዛ

ከአጥር ማዶ ለሚገኙት ለተከበሩ ፓውዛ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእንቅልፍ እጦት በስተቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ነው። እርስዎ ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ለእርስዎ ሌሊቱም ቀን ነው። ያን ዕለት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ድፍን 82 ደቂቃ።

ካሜራ ተውሼ፣ ትራይፖድ ተከራይቼ፣ ጋቢ ደርቤ ጣራ ላይ ወጣሁ። በጳጉሜ ሰማይ ማን ተስፋ ይጥላል? ደመናው ግን ራራልኝ። እርስዎ አልራሩም።

ጨረቃዋ በምሥራቅ በኩል፣ ልክ ከራስዎ በላይ ነበረች። ሙሉ ሆና ስታበራ ችግር የለም፤ ካሜራው በቅጽበት ቀጭ ያደርጋታል። የምድር ጥላ ሲውጣት ግን በሺዎች እጥፍ ትደበዝዛለች። የሚደርሳት በምድር ዙሪያ ባለው አየር በኩል ታጥፎ የሚያልፍ ቀይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ስለዚህ ሌንሱን አንድ ሁለት ሰከንድ ከፍቶ መጠበቅ ግድ ነው። በዚያች ሁለት ሰከንድ ነው እርስዎ ዘው የሚሉት።

ፎቶዎቹን ላሳይዎ? አንዱ ላይ እርስዎን የሚዞር የእሳት ራት አለ፤ ክንፉ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ጨረቃዋ ጥግ ላይ የተጨፈለቀ ቲማቲም መስላለች። ታናሽ እህቴ አይታ "ውይ ስታምር! ይቺ ናት?" አለች። ያሳየችው እርስዎን ነው።

መብራት ይጠፋል ብዬም ጠበቅኩ። ሊጡ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ድርግም የሚለው መብራት ያን ማታ ብልጭ እንኳ ሳይል አመሸ። መብራት እንዲጠፋ ስሳል በሕይወቴ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

መጨረሻ ላይ ወርጄ በሩን አንኳኳሁ። ዘበኛው ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ዓይናቸውን እያሹ ወጡ።

"አባባ፣ ፓውዛውን ለ10 ደቂቃ ያጥፉልኝ፤ ጨረቃ ላነሳ ነው።"

"ምነው፣ ወድቃ ነው?"

"ፎቶ፣ አባባ።"

"ሌባ ቢገባስ ልጄ?"

እኔ ምን እላለሁ። እሳቸው እርስዎን ተማምነው ይተኛሉ። ባለፈው ሰኔ የጌቶች መኪና ስፖኪዮ የተፈታው እርስዎ ዓይንዎን እንዳፈጠጡ ነበር። ሌባው ባትሪ እንኳ መያዝ አላስፈለገውም። ለብሎኑ ጭምር አበሩለት።

ሙሉ ግርዶሽ በእኛ ሰማይ ማታ የሚመለሰው ታህሳስ 22 ቀን 2021 ነው፤ ከ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ። በጋ ስለሆነ ደመናውን ብዙም አልፈራም። እስከዚያ አምፖልዎ ካልተቃጠለ፣ ያን ማታ ብቻ እንኳ አንድ ጥቁር ፌስታል ራስዎ ላይ ባጠልቅ ቅር ይልዎታል?

አክባሪዎ፣
መጋረጃ ሁለት ደርቦ የሚተኛው ጎረቤትዎ