ጥናቱን እኛም እንየው

አዲስ መመሪያ ሲወጣ ከመግለጫው የማትጠፋ ዓረፍተ ነገር አለች። «ውሳኔው በጥናት ላይ የተመሠረተ ነው» ትላለች። ጋዜጠኛው ይጽፋታል፣ እኛም ሰምተን እናልፋለን። ማን አጠናው? ምን ጠየቀ? ምን አገኘ? በጥናቱ ምክንያት የተተወ ሐሳብስ አለ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ጥናቱም አብዛኛውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ አይወጣም።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በሀገራችን ጥሩ ጥናት ሞልቶ ሳለ ነው። አዲስ አበባ በኢኮኖሚና በማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ዘንድ በደንብ የምትታወቅ ከተማ ናት። እዚህ የተሠሩ ጥናቶች በሌላው ዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩባቸዋል። ጥናቱ ስለ እኛ ሆኖ ሳለ የምናውቀው ግን ጥቂቶች ነን።

የፋብሪካ ሥራን እንውሰድ። ከአስር ዓመት በፊት ብዙዎቻችን አንድ እምነት ነበረን። ፋብሪካ ከተከፈተ ወጣቱ ይቀጠራል፣ ከተቀጠረ ከድህነት ይወጣል። የኢንዱስትሪ ፓርኮቹ የተገነቡት በዚህ ተስፋ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ይህንን እምነት ለመፈተን ተነሱ። አምስት ድርጅቶች ተባበሯቸው። ለሥራው ያመለከተው ሰው ከክፍት ቦታው ስለበለጠ እጣ ወጣ። አንዱ ቡድን ሥራው ደረሰው። ሁለተኛው በሥራው ፋንታ 300 ዶላር ያህል ገንዘብና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም።

ከአንድ ዓመት በኋላ የተገኘው ውጤት ማንም የጠበቀው አልነበረም። ሥራ ከደረሳቸው ሰዎች ሲሶው ገና በመጀመሪያው ወር ለቋል። ዓመቱ ሲሞላ ከአራቱ ሦስቱ ከፋብሪካው ወጥተዋል። ገቢያቸው ሥራው ካልደረሳቸው ሰዎች አልተሻለም። እንዲያውም የጤና ችግር በዝቶባቸው ተገኘ። ገንዘብ የተሰጣቸው ግን የራሳቸውን ሥራ ጀምረው ገቢያቸውን በሲሶ ያህል አሳድገዋል።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «ፋብሪካውን ትታችሁ ብር አድሉ» የሚል ሰው ይነሳ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው እነዚያኑ ሰዎች ጠየቁ። ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። ሦስቱም ቡድኖች ተቀራርበዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ሰውን ያስጀምረዋል እንጂ ለዘለቄታው ከጎረቤቱ አስቀድሞ አላስኬደውም። የፋብሪካ ሥራ ደግሞ ለብዙዎቹ የክፉ ቀን መጠጊያ እንጂ የኑሮ መሠላል አልነበረም።

እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የሠራተኛዋ ኑሮ ነው። ከገጠር መጥታ ለሦስት ለአራት ሆና ክፍል ተከራይታ፣ ከደመወዟ ላይ ኪራይና ምግብ ተቀንሶ ምን ይተርፋታል? ባለሀብቱ «ሠራተኛ አይበረክትልንም» ይላል። እውነቱን ነው። እሷም ስትለቅ አላበደችም፣ ሒሳቡን ሠርታ ነው። ፖሊሲ አውጪው ይህንን ሒሳብ ቀድሞ ቢያየው ከፋብሪካው ሼድ እኩል ስለ መኖሪያ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነት ያስብ ነበር።

ሌላው ደግሞ እንዲህ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከበው የቆሙ ወጣቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ስልክ ቁጥር በእጁ ላይ የሚጽፍ አለ፣ ማስታወቂያውን በሞባይል ፎቶ የሚያነሳ አለ። ብዙዎቹ የሚመጡት ከከተማዋ ዳር ነው። ለታክሲ ይከፍላሉ፣ ሲቪ ኮፒ ያስደርጋሉ፣ ሳይጠሩ ይቀራሉ። ኢትዮጵያዊው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ግሩም አበበና የውጭ ባልደረቦቹ እነዚህን ወጣቶች ምን እንደሚረዳቸው ማወቅ ፈለጉ። ለአንዳንዶቹ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌሎቹ አጭር ሥልጠና አዘጋጁ። ሲቪ አጻጻፍና ኢንተርቪው ተለማመዱ፣ ፈተና ወስደው ችሎታቸውን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ያዙ።

መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የታክሲው ገንዘብ ውጤት ደብዝዟል። ሥልጠናውን የወሰዱት ደግሞ ካልወሰዱት ወደ 20 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ያገኙ ነበር። አንድ ወጣት ችሎታ እያለው ማሳየት ስላልቻለ ብቻ ዓመታት ሊባክኑበት ይችላል ማለት ነው። ይህ ውድ ፕሮግራም አይደለም። እያንዳንዱ ኮሌጅ ተማሪዎቹን ከማስመረቁ በፊት ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ለምን በየግቢው እንዳልተስፋፋ ስጠይቅ የሚታየኝ መልስ አንድ ነው፤ ጥናቱን የሚያነበውና ግቢውን የሚያስተዳድረው ሰው ተገናኝተው አያውቁም።

ከሁሉም የምወደው ግን ስለ ከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃው ለሰፈሩ እየሠራ ስለሚከፈልበት ፕሮግራም፣ የተሠራው ጥናት ነው። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ሁሉንም የአዲስ አበባ ወረዳዎች በአንድ ጊዜ ማዳረስ አልተቻለም። ማን ይቅደም? በእጣ ተለየ። በዚያ ምክንያት ቀድመው የገቡትንና ተራ የጠበቁትን ወረዳዎች ማወዳደር ተቻለ። ደብዳቤ ጽፎ ያማለደ ወረዳ ስላልነበረ ንጽጽሩ ንጹሕ ነው።

በፕሮግራሙ የታቀፉ ሰዎች ሰፈራቸውን ያጸዳሉ፣ ቦይ ይከፍታሉ፣ አረንጓዴ ቦታ ያለማሉ፣ ገንዘብ ያገኛሉ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን። የማናውቀው ሌላ ነገር ነበር። እነዚህ ሰዎች በሴፍቲኔቱ ሲሠሩ በቀን ሥራና በጉልበት ሥራ ገበያ ላይ የሚሰለፈው ሰው ቀነሰ። ሰው ሲቀንስ ክፍያው ጨመረ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ፕሮግራሙ ከተማውን በሙሉ ሲያዳርስ የግሉ ዘርፍ ክፍያ በ18.6 በመቶ ከፍ ይላል። ይህንንና የሰፈሩን መጽዳት ጨምረን ብንቆጥር ድሃው ያገኘው ጥቅም በእጁ ከተከፈለው ብቻ ከሚሰላው ስድስት እጥፍ ይሆናል። በፕሮግራሙ ያልተመዘገበች ልብስ አጣቢ እንኳ ተጠቅማለች ማለት ነው። «ሴፍቲኔት የበጀት ሸክም ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

እንዲህ በእጣ እየለዩ ማጥናት «ሰውን መሞከሪያ ማድረግ ነው» የሚል ተቃውሞ አለ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን በጀቱ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ የግድ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይጠብቃል። በእጣ ካልሆነ በምን ይሆናል? በዘመድ፣ በትውውቅ። እጣ ፍትሐዊም ነው፣ ያስተምራልም። እርግጥ እጣው ራሱ ንጹሕ መሆን አለበት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እጣ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ መሰረዙን አንረሳም። ያ ቀን የጎዳው ቆጣቢውን ብቻ አይደለም። ሰው በእጣ ላይ ያለውን እምነትም ጎድቷል።

ጉዳዩ የከተማ ብቻም አይደለም። በ15 የገጠር መንደሮች ያሉ ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም የደከሙበት ነው። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ የደረሰላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ድህነት በ6.9 የመቶኛ ነጥብ ቀንሶ ተገኝቷል። የመሬት ደብተሩም እንዲሁ ነው። ትግራይ ቀድማ ስትጀምር ደብተሩ የሚወጣው በአባወራው ስም ነበር። በኋላ የጀመረው አማራ ክልል የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶ አስገባ። በስሟ ደብተር የያዘች ሴት ባሏ ቢሞት ወይም ቢፋቱ የምትቆምበት መሬት አላት።

ጥናት ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚሆንም እናውቃለን። በ1965 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ረሃቡን በዓይናቸው አዩ። ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው አሳዩ። መንግሥት ማድበስበስን መረጠ። ሰው በየመንገዱ አለቀ። በኋላ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ረሃብን ለዓመታት አጥንተው ድርቅ ብቻውን ሰው እንደማይገድል አስረዱ። ገበሬውን አስቀድሞ ያራቆተው ሥርዓት ነው ረሃቡን የሚወልደው። ይህ ግኝት ዛሬም ለእያንዳንዱ የአደጋ ስጋት ሠራተኛ የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆን ይገባዋል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የጥናት ሁሉ መሠረት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአስር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር ፈርሶ ስንት ኮንዶሚኒየም ተሠራ! ስንት ሰው ተፈናቀለ! ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚባሉ ክልሎች ተመሠረቱ፤ አንዳቸውም በክልልነታቸው አልተቆጠሩም። ተመራማሪ ናሙና ሲያወጣ የሚነሳው ከቆጠራ ነው። የትምህርት ቢሮው ስንት ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እንዳለ የሚገምተው ከዚያው ተነስቶ ነው። ጦርነትና መፈናቀል ባለበት ቆጠራ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን በግምት ላይ ግምት እየደራረብን የት እንደርሳለን?

አንድ ጉዳይ ላይ ልጨርስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም እንዲወሰን። በኑሮ ውድነቱ ምክንያት ጥያቄው በየጊዜው ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። እኔ ወለሉ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ወለሉን ከሚፈሩት ወገኖች ጋር ግን በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ ቁጥሩ ከአየር ላይ መውረድ የለበትም። ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለችው ልብስ ሰፊና ቦሌ ለሚ ፓርክ ያለችው ምን ያህል ለኪራይ እንደምትከፍል፣ ለምን እንደምትለቅ፣ ክፍያው ቢጨምር ስንቷ እንደምትቆይ ይጠና። በጥቂት ፓርኮች ይሞከር። ቁጥሩ ከመታወጁ በፊት ደግሞ ጥናቱ ከነመጠይቁ በአማርኛም በሌሎቹም ቋንቋዎች ለሕዝብ ይውጣ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም አሠሪውም፣ የምክር ቤት አባሉም አንብበው ይከራከሩበት።