«ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ?»

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ልጇ ሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ነው። አቦሉ እንደተቀዳ «ትቼው ሥዕል ልማር ነው» አለ። ቤቱ ጭጭ አለ። በመጨረሻ አክስቴ «ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ?» አለችው።

ይህች ጥያቄ ትከነክነኛለች። መንገድ የቀየረ ሰው የተማረውን ሁሉ ሜዳ ላይ ደፍቶ የሚሄድ ይመስላታል። እኔ ደግሞ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ሙላቱ ጅማ ተወልደው ወደ ዌልስ የተላኩት መሐንዲስ እንዲሆኑ ነበር። እዚያ ሙዚቃ ልባቸውን ወሰደው። ለንደን ተማሩ፤ ቀጥለው ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ አፍሪካዊ ተማሪ እሳቸው ናቸው። ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተሙት ሙዚቃ የላቲን ምት የሞላበት ነበር። በዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ቤታቸው ዞሩ፤ ወደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች።

ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ጃዝ በአሥራ ሁለቱም ድምፆች ይጫወታል። አምስቱ ሳይዋጡ አሥራ ሁለቱን እንዴት አድርጎ ከሥር ማስገባት ይቻላል? ለዚህ ለንደንም ቦስተንም የተማሩት ያስፈልግ ነበር። ኢትዮ ጃዝ የተወለደው ከዚህ ነው። ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ደግሞ ሃርቫርድ ሄደው ክራርን በማዘመን ላይ ሠሩ። ክራር እንዴት ቢሠራ ይሻላል የሚለው የመሐንዲስም ጥያቄ ነው። ዌልስ የተላከው ልጅ የት ይጠፋል?

የአክስቴን ፍርሃት ግን አልንቀውም። ዕቁብ በደረሳት ቁጥር ለሱ ነው የላከችው። መንገድ ሲቀየር ሂሳቡን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ይህን ሳያነሱ «ልብህን ተከተል» ማለት ልክ አይመስለኝም። ስለዚህ ልጁን ለምን ትተዋለህ አላልኩትም። ከምህንድስናው ምን ይዘህ ትወጣለህ ብዬ ጠየቅኩት።

ደብተሩን አመጣ። በመሠራት ላይ ያለ ፎቅና የባሕር ዛፍ መወጣጫ ስሏል። እንጨቱ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ፣ ሸክሙ በየት እንደሚወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲህ አድርጎ የሚስለው እንጨቱ ለምን እንደማይወድቅ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በረካው ሲቀዳ ደብተሩ አክስቴ ጉልበት ላይ ነበር።